የወዳጁ ጨረታ

አንድ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ክፉ ነበር ብላችሁ ካሰባችሁ «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ጆሯችሁን ትዘጋላችሁና።

ድሬዳዋ የሚኖር፣ ጥርስ የሚሠራ ሰው ነው። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሙ ልኩን ይልክለታል፣ እሱ ሰው ሠራሹን ጥርስ ቀርጾ ይመልሳል። እጁ ረቂቅ፣ ጠባዩ ታጋሽ። ታሪኩን ተናገር ብሎ የፈቀደልኝ ራሱ ነው። ስሙን ግን አልነግራችሁም።

ይህ ሰው አንድ ፍቅር ነበረው። እኛ ልጆች ሳለን ከመዳፍ የማትበልጥ፣ በሰዓት ባትሪ የምትሠራ መጫወቻ ነበረች፤ ታስታውሳላችሁ? ጌም እንላት ነበር። ትንሽ መስኮት አላት። በመስኮቷ ጥቁር ጥቁር ዓሦች ይወርዳሉ፤ አንድ ሰውዬ ወዲያ ወዲህ እያለ በመረብ ይቀልባቸዋል። አንዱ ባመለጠ ቁጥር ቲጥ ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ከጅቡቲ በባቡር ትመጣ ነበር። ያለው ልጅ ይዟት ደጅ ይወጣል፤ የሌለው በባለቤቱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ሰውየው አንገታቸውን አስግገው ካደጉት አንዱ ነው። ራሱን ሲችል እነዚያን ጌሞች መሰብሰብ ጀመረ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ ከቤት ለቃቂ፣ ከጡረተኛ ሣጥን። ሠላሳ አራት አደረሳቸው። በመስታወት ቁም ሣጥን ደርድሮ በየሳምንቱ አቧራቸውን ይጠርጋል።

ትስቃላችሁ። ሳቁ። እናንተ ቤት ውስጥ የምትሰበስቡትን ግን እኔ አላየሁም።

እንዲህ ያለ ፍቅር ያላቸው ሰዎች በዚያ ከተማ ስድስት ነበሩ። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ከዚራ ሰፈር አንድ ጭማቂ ቤት ይገናኛሉ። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ያደርጋሉ። ውጭ አገር እነዚህ ጌሞች በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣሉ፤ የእነሱ ወሬ የጨረታው ዋጋ ነው።

«ያቺ ባለ ሁለት መስኮቷ ትናንት በስንት ወጣች?»

«በስድስት መቶ ዶላር።»

«ተው እንጂ አቦ። ሣጥን አላት?»

«ሣጥንም የላት። የባትሪ ክዳኗ ራሱ የሌላ ነው።»

«እንግዲህ የእኔይቱ ከነክዳኗ ስንት ልትባል ነው?»

አይሸጡም እኮ። ሳይሸጡ ነው ሀብታም የሚሆኑት። ከመካከላቸው ደግሞ አዋቂው የእኛ ጥርስ ሠሪ ነው። ዕቃ የተጠራጠረ ለእሱ ያሳያል። «እውነተኛ ነው» ካለ እውነተኛ ነው። «ተነካክቷል» ካለ ያልቅለታል።

የሁሉ ታናሽ ምንተስኖት የሚባል ልጅ እግር ነው። ፍሪጅና ማራገቢያ ይጠግናል። ያለው አሥራ አንድ ጌም ብቻ ነው፤ ግማሾቹም አይሠሩም። ወደዚህ ነገር ያስገባው ሰውየው ነው። ባትሪ ያፈሰሰበትን ብረት በኮምጣጤ እንዴት እንደሚያጸዳ ያስተማረው እሱ ነው። የጥንቱን ሣጥን ከአዲስ ኅትመት እንዴት እንደሚለይ ያሳየው እሱ ነው። «ልጄ ነው» ይል ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰውየው ምንተስኖትን ይወደው ነበር። አሥራ አንድ ጌም እስካለው ድረስ በጣም ይወደው ነበር።

አንድ ቀን ምንተስኖት እማማ ወርቅነሽ ከሚባሉ እናት ቤት ፍሪጅ ሊጠግን ሄደ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር። ፍሪጁን ከግድግዳው ለማራቅ ከላዩ ያለውን ካርቶን ሲያወርድ፣ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ሣጥን አየ። ዓይኑን ማመን አቃተው።

«እማማ፣ ይቺ የማን ናት?»

«ባለቤቴ ከጅቡቲ ያመጣት ናት። ለሚወለደው ልጃችን ብሎ። ልጁ አልተወለደም። እኔም አልከፈትኳት። ከወደድካት ውሰዳት።»

ሠላሳ ምናምን ዓመት የሰው ጣት አልነካትም። ወረቀቷ እንደታጠፈ፣ ባትሪዋ ከነመጠቅለያው። ወገኖቼ፣ ያቺ ጌም ሰውየው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲፈልጋት የኖረች ናት።

ምንተስኖት ወዴት ሄደ? ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ወደ ጥርስ ሠሪው ሄደ። ድሬ አንቱታ አታበዛም፤ «ጋሼ» አለው፣ «ከሁሉ በፊት አንተ እንድታያት ብዬ ነው።»

ሰውየው ተቀበላት። ጥርስ የሚያይበትን ማጉያ አደረገ። የሣጥኑን ኅትመት አየ፤ የጥንቱ ነው። መስኮቷን አየ፤ ንጹሕ ነው። ብሎኖቿን አየ፤ ተፈትተው አያውቁም። ቀና ብሎም «እሰይ» አለ። «እሰይ ልጄ። እግዚአብሔር ሰጠህ።»

ይህን ያለው አፉ ነው። ልቡ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? ልቡ «ለምን እሱ?» አለ።

እኔ አሥራ አምስት ዓመት። እሱ ፍሪጅ ሊጠግን ገብቶ። ለምን እሱ?

ይህችን ጥያቄ ታውቋታላችሁ? ማንም አላስተማረንም፤ ሁላችንም እናውቃታለን። «ለምን አጣሁ» አይደለም የምትለው። ለምን አጣሁ ብሎ ማዘን ኀዘን ነው፤ እግዚአብሔር ፊት ይቀርባል። ይቺ ግን «ለምን እሱ አገኘ» ነው የምትለው።

ምንተስኖት ሊሸጣት ነው። «ብይዛት ደስ ይለኝ ነበር» አለ፤ «ግን ትርሲት አለች።»

ትርሲት ባለቤቱ ናት። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሁለቱም ጆሮዎቿ እየደከሙ ነው። ልጆቹ ነቅተውባታል። አንዳንዱ ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ እሷ ጆሮዋ ጭራሹን የጠፋ መስሏት ትደነግጣለች፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ርእሰ መምህሩ ከርሞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እናዛውርሻለን ብሏታል። ሐኪሙ ለሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ያስፈልጋል አለ። ዋጋው ከፍሪጅ ጠጋኝ አቅም በላይ ነው።

ምንተስኖት ደግሞ ከመሸጡ በፊት ተመልሶ እማማ ወርቅነሽ ዘንድ ሄደ። የዕቃው ዋጋ ብዙ እንደሆነ ሳይደብቅ ነገራቸው። እማማ ትንሽ አሰቡና «ለሚስትህ ጆሮ ከሆነ ሂድ ሽጣት» አሉት። «ልጄ ተጫወተባት እላለሁ።»

ሰውየው ይህንን ሁሉ ሰምቷል። ከምንተስኖት አፍ ሰምቷል። ታዲያ ልቡ ራራ? አልራራም። ምን አለ መሰላችሁ? «አሮጊቷን በጆሮ ወሬ አታለላት» አለ።

ቅናት ሲመጣ «እኔ ቅናት ነኝ» ብሎ አይመጣም። የዳኛ ካባ ለብሶ ነው የሚመጣው። «እኔ እንኳን የቀናሁ አይደለሁም፤ አሠራሩ አላማረኝም ነው» ይላል። እንዲህ ብላችሁ አታውቁም?

ጌሟ በመንገደኛ እጅ ዱባይ ሄደች። የትርሲት ወንድም በኃይሉ እዚያ ይኖራል፤ ለጨረታ ያወጣት እሱ ነው። ጨረታው የአሥር ቀን ነው።

በእነዚያ ቀናት ሰውየው እንዴት እንደዋለ እሱው ሲነግረኝ አፍሮ መሬት ያይ ነበር። ሥራ ጠረጴዛው ላይ ስልኩን ከፍቶ ያስቀምጣል። አንድ ጥርስ ይስላል፤ ዋጋውን ያያል። ሌላ ይስላል፤ ያያል። መቶ ዶላር በጨመረ ቁጥር ደረቱን የሆነ ነገር ይወጋዋል። የማንም ዋጋ አይደለም እኮ፤ «ልጄ» የሚለው ሰው ዕቃ ዋጋ ነው። በዚያ ሳምንት የሠራው ጥርስ ለባለቤቱ አልገጥም ብሎ ተመለሰበት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ስድስቱም ተሰበሰቡ። ዋጋው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ደርሷል።

«ምንተስኖት፣ የዛሬውን ጭማቂ አንተ ነህ የምትከፍለው» አሉት።

ጋሽ ተካልኝ የሚባሉ የቡድኑ ሽማግሌ ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው ተናገሩ። «እኔ ይህን ነገር ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው። በዚህ ከተማ ከወጣ ሁሉ የሚበልጠው ዕቃ ይኸው ነው። የሁላችንም ቢደመር አይደርስበትም።»

ጋሽ ተካልኝ ክፉ አላሰቡም። ሰውየው ግን ሌላ ነገር ሰማ። ሠላሳ አራቱ ጌሞቹ በዚያች ደቂቃ ቆርቆሮ ሆኑበት። ጭማቂውን ሳይጨርስ ተነሣ። ምንተስኖት በሩ ድረስ ተከትሎ «ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?» አለው።

«ሙቀቱ ነው» አለ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሥራ ቦታው ተቀምጦ ጨረታው በወጣበት ገጽ ላይ፣ ገዢዎች ሐሳብ በሚጽፉበት ቦታ፣ በሐሰት ስም ሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፈ። «ይህን ዕቃ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ሣጥኑ በቅርብ የታተመ ነው። መስኮቱም ተቀይሯል።»

ከሦስቱ የመጀመሪያው እውነት ነው። አያችሁ? ሐሰት ብቻዋን መንገድ አትወጣም፤ አንድ እውነት ይዛ ነው የምትወጣው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰውየው ጌሟን ራሱ ሊገዛት ፈልጎ ነው? አይደለም። አንድ ሳንቲም አላቀረበም። ሌባ ዕቃህን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሌባ ሲጠግብ ይተውሃል። ቅናት የያዘው ሰው ግን ዕቃህን አይፈልግም። እጅህ ባዶ ሆኖ ማየት ነው የሚፈልገው። እጅህ ባዶ ሲሆን ደግሞ የእሱ እጅ አይሞላም።

ተጫራቾቹ ያቀረቡትን ዋጋ እየሰረዙ አንድ በአንድ ወጡ። አጣርተው አልወጡም፤ ፈርተው ወጡ። ጨረታው ሲዘጋ ጌሟ በሁለት መቶ አርባ ዶላር ተሸጠች። ለአንድ ጆሮ እንኳ አይበቃም።

በማግስቱ ምንተስኖት መጣ። ወዴት? ወደ ማን ይሂድ? ወደ ጋሼ ነው የመጣው።

ሰውየው ሲያየው ያውቅብኛል ብሎ ፈራ። ምንተስኖት ግን እንዲህ አለው፦ «ጋሼ፣ እኔ የምጨነቀው ስለ ዋጋው አይደለም። ዕቃው ከእጄ ወጥቷል፤ አሁን ላየው አልችልም። አንተ በማጉያ አይተኸዋል። ያ ጨረታው ላይ የጻፈው ሰው ያለው እውነት ነው እንዴ? ሳላውቅ ሰው አታልዬ ይሆን?»

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር በር ሲከፍት እንዲህ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። «እውነተኛ ናት» ማለት። ሰውየው አፉን ከፈተ።

«ምናልባት» አለ። «ያን ጊዜ ልብ አላልኩት ይሆናል። ምናልባት።»

ምንተስኖት አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው ለገዢው ብሩን እመልሳለሁ» አለ። «ሰው አታልዬ ባመጣሁት ነገር ትርሲት እንድትሰማ አልፈልግም።»

ሄደ። ሰውየው ማጉያውን እንዳደረገ ቀረ። ምሳ አልበላም። በዚያ ቀን የፈለገውን ሁሉ አግኝቷል፤ የወዳጁ እጅ ባዶ ሆኗል። ደስታው የታለ? ፈለገ፤ አጣው። በምትኩ የምንተስኖት ንጽሕና አስቀናው። ሰምታችኋል? ገንዘቡን ካሳጣው በኋላ ደግሞ በልጁ ቅን ልብ ቀና። ያን ጊዜ ነው ራሱን የፈራው። «ይህ ነገር ማቆሚያ የለውም» አለ፤ «የሚስቱን ጆሮ በልቶ አልጠገበም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ምንተስኖት ቤት ሄደ። ምንተስኖት ለሥራ ወጥቷል። ትርሲት ብቻዋን ደብተር ታርማለች። ቤቱ ከብዙ ተከራይ ጋር በአንድ ግቢ ያለ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው።

ሰውየው ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ትርሲት፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ትርሲት ፊቱን አየች። «ምን አልክ? አልሰማሁህም።»

ድምፁን ትንሽ ጨመረ። «ጨረታው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሰት ነው የጻፍኩት።»

«ስለ ጨረታው ነው? ጮክ በልልኝ። ከአጠገቤ ሁንና ጮክ በል።»

አያችሁ የእግዚአብሔርን ሥራ? በሹክሹክታ የሠራውን ኃጢአት በሹክሹክታ ተናዝዞ መሄድ አልቻለም። ከአጠገቧ ሆኖ፣ ሙሉ ድምፁን አውጥቶ «ውሸታሙ እኔ ነኝ፤ ምንተስኖት ስላገኘ ቀንቼ ነው» ብሎ ጮኸ። ከግድግዳው ማዶ ልብስ የምታጥብ ሴት እጇን ከውኃው አወጣች።

ትርሲት ሰማች። ብዕሯን ደብተሩ ላይ አኖረች። ከዚያ ወንበር አቀረበችለት።

«ተቀመጥ» አለችው። «እሱ ሲመጣ አንተው ትነግረዋለህ። እኔ አልነግርልህም።»

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። እሷ ደብተሯን ታርማለች፤ እሱ ይጠብቃል። ምንተስኖት መሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ገባ። ሰውየው ተነሥቶ ሁሉን ነገረው።

ምንተስኖት አልተቆጣም፤ አልተማታም። መጀመሪያ የጠየቀው ይህን ነው፦ «ስለዚህ ዕቃው የእውነት ነው?»

«የእውነት ነው። እንደ እሱ ያለ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲህ ሰው አላታለልኩም» አለ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከሳምንት ሸክም እንደተገላገለ ሰው። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኑ እንባ ያቀረረው። «ጋሼ፣ ለምን? ብትፈልጋት እኮ ለአንተ እተዋት ነበር።»

«አልፈለግኳትም» አለ ሰውየው። «አንተ እንዳታገኝ ነበር የፈለግኩት።»

ምንተስኖት በሩን ከፈተለት። «አሁን ሂድ» አለው። «ላይህ አልችልም።»

ጌሟ ተሸጣለች፤ የገዢው ብር መመለሱም ቀርቷል፤ ገዢው የገዛውን ወስዷል፤ አትመለስም። ሰውየው በዚያው ገጽ ላይ በእውነተኛ ስሙ «የጻፍኩት ሐሰት ነበር» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በዚያ ጨረታ እንዳይሳተፍ ተከለከለ። ጋሽ ተካልኝም ቅዳሜ ላይ «ለጊዜው ከእኛ ጋር ባትቀመጥ ይሻላል» አሉት። ተነሥቶ ሄደ። ከዚያም ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ምርጥ ምርጦቹን ሃያ ሦስት ጌም ሸጠ። ገንዘቡን በእጁ ለምንተስኖት መስጠት አፈረ፤ ለበኃይሉ ላከው። መሣሪያዎቹ ተገዝተው መጡ።

ትርሲት ዛሬም ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ከኋላ ወንበር የሚያሾካሹከውን ልጅ በስሙ ትጠራዋለች።

«ታረቁ ወይ?» ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። አብረው ግን ገና አልተቀመጡም። ይቅር ተባብለዋል፤ ልብ ግን በአንድ ቀን አይሽርም። ሰውየው «እጠብቃለሁ» ይላል። ይጠብቅ። ያፈረሰ ሰው መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጌም የማትሰበስቡ፣ ጨረታ የማታውቁ፣ ወደ እናንተ።

የባልንጀራችሁ ቤት ፎቅ ሲወጣ ልባችሁ ምን ይላል? የእህታችሁ ልጅ ውጤት ሲመጣ፣ ከእናንተ ኋላ የተቀጠረው አለቃ ሲሆን፣ አብራችሁ የዘመራችሁት መድረኩ ሲሰጠው፣ አፋችሁ እሰይ ይላል። ልባችሁስ? እኔ አገልጋይ ነኝ፤ የእኔን ልብ ስለማውቅ ነው የምጠይቃችሁ። ሌላ ሰባኪ ሲመሰገን ሰምቼ «ድምፁ ነው እንጂ ትምህርት የለውም» ያልኩበት ቀን አለ። ጨረታ ላይ አልጻፍኩም። ጻፍኩ እንጂ፤ በሰው ጆሮ ላይ ጻፍኩ።

አንድ ቃል ይበቃል እኮ። «ምናልባት።» «እንጃ፣ እኔ የሰማሁት ሌላ ነው።» «ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን…» ከዚያች «ግን» በኋላ ስንት ሰው ዋጋው ወደቀ? ስንት ጋብቻ፣ ስንት ሥራ፣ ስንት አገልግሎት? የወደቀው ሰው ደግሞ ማን እንደጣለው ሳያውቅ ሊጽናና ወደ እናንተ መጥቶ ይሆናል። ሻይ አቅርባችሁለት ይሆናል።

ክፉ ሰዎች ናችሁ አላልኩም። ያም ሰው ክፉ አልነበረም። ወዳጁ ከእሱ እስኪበልጥ ድረስ ደግ ሰው ነበር። ደግነታችን የሚፈተነው ወዳጃችን ሲወድቅ አይደለም፤ ለወደቀ ሁላችንም እናለቅሳለን። ሲነሣ ነው።

እኔ ይህን ስናገር በልባችሁ አንድ ስም መጥቷል። አውቃለሁ፤ ለእኔም መጥቶልኛል። «እሱ እንኳን አይደለም» ብላችሁ ልታልፉት ሞክራችኋል። እሱ ነው። እሷ ናት። ስለዚያ ሰው ያላችሁትን ታውቁታላችሁ፤ ለማን እንዳላችሁትም ታውቃላችሁ። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት አትሂዱ። መጀመሪያ ወደዚያ ሰው ሂዱ፤ የተናገራችሁትንም እሱ በሚሰማው ድምፅ ንገሩት። ጌታ ጉልበት ይስጣችሁ፤ ለእኔም ይስጠኝ።